ውስጥ ማን አለ?

መፍቻ እሳት የላሰች ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ሥራዋ የጌም ማሽን መፍታት ስለሆነ። መፍታት ስላችሁ ብሎን መፍታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኩባንያው በሶፍትዌር ጠርቅሞ የሚሸጠውን ኮንሶል ሆዱን ከፍታ፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ በይዳ፣ የራሷን ፕሮግራም ጭና ትመልስላችኋለች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ባለቤቱ የወደደውን ያጫውታል፤ ኩባንያው ፈቀደ አልፈቀደ ጉዳዩም አይደለም።

ሱቋ በልብስ ሰፊዋና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ትልቅ ሞርሳ የአባቷ ነው። ብረት ነክሶ የሚይዝ፣ እጀታውን ባዞሩት ቁጥር መንጋጋው እየጠበቀ የሚሄድ የድሮ ዕቃ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለልጃቸው ለቀው እሳቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው መዋል ጀመሩ።

ሽማግሌው አንድ አመል ነበረባቸው። በሬ ተቆልፎብኛል፣ ክፈቱልኝ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ውስጥ ማን አለ?» ብለው ይጠይቁታል። ማንም የለም ቢላቸውም አያምኑም፤ በሩን ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ነው ዕቃቸውን የሚያወጡት። ሰፈሩ «ሰውየው ጂን ይፈራሉ» እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል። መፍቻም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች።

አንድ ቀን ጠዋት ተቆጣጣሪዎች ከፖሊስና ከኩባንያው ጠበቃ ጋር መጡ። ዕቃ መያዝ ሌላ፣ ዕቃ መሰባበር ሌላ፤ እነዚህ ግን መዶሻ ይዘው ነው የመጡት። የደንበኞቿን ማሽን ወለሉ ላይ እየደረደሩ ይፈጠፍጡት ጀመር። መፍቻ ደሟ ፈላ። አንዱን ተቆጣጣሪ እጁን ነክሳ እስኪደማ አልለቀቀችውም፤ ፖሊሱ ጎኗን በዱላ ሲላት ነው አፏን የከፈተችው። ጎኗ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል እሷም ሰምታዋለች። አባቷ «ተው፣ ምን አደረገቻችሁ» ብለው ሲነሱ አንዱ ገፈተራቸውና የደረጃው ጠርዝ ግንባራቸውን ተረተረው። ጠበቃው ደሙ ጫማውን እንዳይነካው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መፍቻ ዱላውን ረስታው ይሆናል፣ ያቺን እርምጃ ግን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጠበቃው ሲናገር ማር ነው፣ ልክደው አልችልም። «ማሽኑን ሸጠናል፤ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ግን አልሸጥንም፣ እንዲጠቀሙበት ብቻ ነው የፈቀድነው። የቆለፍነውም የብዙ ሰው ላብ በኮፒ እንዳይዘረፍ ነው። እሷ አልሰረቀችም እንበል። በሩን ገንጥላ ሌባውን ግባ የምትለዋ ምን ልትባል ነው?»

መፍቻ ጠበቃ አልነበራትም፤ ምላስ ግን አላት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሬ የሸጠልኝ ሰው ቀንዱን እንዳትነኪ፣ ቀንዱ የኔ ነው ይለኛል? እኔ ኮፒ ጌም ሸጬ አላውቅም። ኩባንያው ራሱ ከገበያ ያወጣውን ጌም መጫወት የሚፈልግ አለ። አንድ እጁን ያጣ ደንበኛ አለኝ፤ ለሱ ብዬ የሠራሁትን መጫወቻ እጀታ ማሽኑ አልቀበልም ይለዋል። የሰረቀውን ያዙት። ዕቃው የገዛው ሰው ነው። የገዛው ሰው ክፈቺልኝ ካለኝ እከፍታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያገባውም፣ እኔንም ጨምሮ።»

ዳኛዋ ሕጉ ኮፒ ማድረግን እንጂ የራስን ዕቃ መክፈትን በግልጽ አልከለከለም ብለው በነፃ ለቀቋት። እሷም ክንፍ አውጥታ ተመለሰች። በሳምንቱ ሱቋ በር ላይ «የገዛኸው ያንተ ነው። እንከፍታለን።» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች።

አባቷ ሰሌዳውን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቆረ። እራት ላይ እህል አልነኩም። «ጎረምሳ ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ በር ጠግን ብለው ጠሩኝ። የቤቱ ባለቤት ካርታውን ይዞ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ሄዶ፣ ቁልፍ ጠፍቶብኛል ብሎ አስከፍቶ ነው የገባው። ሚስቱ ከሱ ሸሽታ ከውስጥ ቀርቅራ ነበር። በመጥረቢያ ነው የጨረሳት። እኔ ስደርስ ደሙ ገና እስከ ደፉ ይመጣ ነበር፤ ተንበርክኬ ቁልፉን ስቀይር ሱሪዬ ራሰ። ያ ቁልፍ ሠሪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ‹ቤቱ እኮ የሱ ነው፣ ካርታውን አሳይቶኛል› ይላል። ከተቀመጠበት ያነሳው ሰው አልነበረም።»

መፍቻ ግን ተሸነፍኩ ማለት አይሆንላትም። «አባዬ፣ ያ ቤት ነው። ይሄ መጫወቻ ነው። መጫወቻ ውስጥ ሰው የለም።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ ውስጥ ትሠራለች፣ ሻይ ሲመጣ እንኳ የሚያቀባብላቸው ሻይ ሻጩ ነው።

አንድ ሰውዬ የመጣው እንዲህ ባሉበት ሰሞን ነው። ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «እህቴ» የሚል ጨዋ። ኮንሶል አቅፏል፤ በስሙ የተቆረጠ ደረሰኝም አለው።

«ልጄ የይለፍ ቃሉን ቀያይራ ረሳችው። እሷ አክስቷ ጋ ናት፤ እስክትመለስ ከፍቼ ላስደስታት ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ከበሩ በኩል «ውስጥ ማን አለ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰውየው ሳቀ። «አባባ፣ ጌም እኮ ነው።»

መፍቻ አፈረች። «ተዋቸው፣ አርጅተው ነው» አለች። አባቷ ሰሙ። ወንበራቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉና በትራቸውን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ማሽኑን ዘረገፈችው። ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ስትበይድ፣ ስትሞክር፣ ስትሳደብ ቆየች። ሰውየው ውጭ በስልክ እያወራ ይንጎራደዳል። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ቁልፉ ተፈታ። ማሽኑም የሱቁን ኢንተርኔት ሲያገኝ የቆዩ መልእክቶችን ማውረድ ጀመረ። ልጅቷ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ማሽን፣ በዚያው አካውንቷ ገብታ ከጓደኛዋ ጋር ስትጻጻፍ የከረመችው ነው።

መፍቻ የሰው መልእክት አታነብም። ይሄ ግን ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። «አባዬ እንዳይሰማ። እማዬ መንጋጋዋን ስለሰበራት በቱቦ ነው የምትጠጣው። ያለንበትን ላንቺ ብቻ ነው የምልክልሽ።» ከሥሩ መንገዱ፣ የቤቱ ቁጥር፣ የበሩ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል።

ክው አለች። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለው።

«በርቶ ነበር አይደል?» ሰውየው ደፉ ላይ ቆሟል።

«ጠፋ። አልተሳካም። ነገ ና።»

«በርቶ አየሁት እኮ።» ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው፤ መቀርቀሪያውንም ወረወረው። ድምፁ አሁንም ዝግ ያለ ነው። «ሰሌዳሽ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የገዛኸው ያንተ ነው አይደለም እንዴ የሚለው? የኔ ነው። አብሪልኝ።»

መልእክቱ የሚከፈትበት የልጅቷ የይለፍ ቃል የተቀመጠው አንዲት የጥፍር ያህል ቺፕ ውስጥ ነው። መፍቻ ጉጠት አንስታ ቺፗን ከቦርዱ ገነጠለቻት፤ ሞርሳው አፍ ውስጥ ጣለቻትና እጀታውን በሙሉ ክብደቷ አዞረችው። ጠጠር እንደማኘክ ያለ ድምፅ ተሰማ።

ጨዋነቱ እዚያው አበቃ። ፀጉሯን ይዞ ፊቷን ጠረጴዛው ላይ መታው፤ ደግሞ መታው። ጥርሷ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየችው። በክርኗ ሆዱን አለችው፣ ትኩሱን የመበየጃ ብረት አንስታ አንገቱ ላይ ተከለችው። ቆዳው ጢስ አወጣ። እሱ ግን እንደ ውሻ አጉረምርሞ ብረቱን ነጠቃትና ጉልበቷን በእርግጫ ሰበረው። ከዚያ ቀኝ እጇን ጎትቶ ሞርሳው ውስጥ ከተተው።

«አንብበሽዋል። ዓይንሽ ላይ አየሁት። የት ናቸው?»

እጀታውን አዞረው።

«የት ናቸው?»

አዞረው። አጥንቷ መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ከዚያ ለቀቀ። መፍቻ ጮኸች፤ እናቷን ጠራች፣ አባቷን ጠራች፣ የማታውቀውን አምላክ ሁሉ ጠራች። የመንገዱን ስም ብቻ አልጠራችም። አፏ ላይ ሁለት ጊዜ መጥቶላት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከደሟ ጋር ዋጠችው።

ጩኸቱን የሰማችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጆች በሩን በትከሻቸው ገነጠሉት፤ እሷ የጋለውን ካውያዋን እንደያዘች ቀድማ ገባችና የሰውየውን ጆሮ ግንድ አለችው። ወደቀ። ወድቆም ደገመችው፤ ልጆቹ ባይይዟት ትጨርሰው ነበር። እኔን ከጠየቃችሁ መያዛቸው ያናድደኛል።

ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቿን ቆረጡ፤ የቀሩት አይታጠፉም። ጥርሷ ገና ሳይተካ የኩባንያው ጠበቃ አበባ ይዞ ሆስፒታል መጣ። ቁልፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ምስክር ትሆኚናለሽ አላት።

«አንተም ስትቆልፍ ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቀህ አታውቅም» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰውየው በድብደባው ታሰረ። አያችሁ ግን፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አያርፍም፤ ንብረቴን አውድማብኛለች ብሎ ከእስር ቤት ሆኖ ከሰሳት። ያችው ዳኛ፣ ያው አዳራሽ። እሱ ካቴና እንደታሰረ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የሰውየው ጠበቃ የሰሌዳዋን ፎቶ አሳየ፤ ቀጥሎ በፊተኛው ችሎት የተናገረችውን ቃል በቃል አነበበ። «ዕቃው የገዛው ሰው ነው። የገዛው ሰው ክፈቺልኝ ካለኝ እከፍታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያገባውም፣ እኔንም ጨምሮ።»

«ይህን ብለሻል?» አሉ ዳኛዋ።

«ብያለሁ።»

«ዕቃው የማን ነው?»

«የሱ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ታዲያ ለምን ሰበርሽው?»

«ውስጥ ሰው ነበር።»

ጠበቃው ተነሳ። ይህ ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው፣ እውነት ካነበበች ያነበበችውን አድራሻ ትናገርና ይጣራ አለ። ዳኛዋ በጽሑፍ ትስጠን አሉ። ጠበቃው፣ ደንበኛዬ የሚቀርብበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው አለ። ልክ ነው፣ መብቱ ነው። ሰውየው ወደፊት ዘንበል ብሎ የመፍቻን አፍ አፏን ያያል።

«ረሳሁት» አለች።

«አንድም ነገር አታስታውሺም?»

«አንድም ነገር።»

ዳኛዋ የኮንሶሉን ዋጋ እንድትከፍል ፈረዱ። ዋሾ ተብላ በመዝገብ ሰፈረች። ሰውየው ወደ እስር ቤት ሲመለስ እያጉረመረመ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ መፍቻ በክራንች፣ አባቷ በበትራቸው ያዘግማሉ። መስቀለኛ መንገዱ ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆሙ።

«እውነት ረሳሽው?» አሉ አባቷ።

«የበሩን ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው የተረፉትን ጣቶቿን ቀስ ብለው ያዙ።

«ለኔም እንዳትነግሪኝ» አሉና መንገዱን ተሻገሩ።