ጥፋቱ የእግርሽ ነው

ያን ጊዜ ሐረር ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት ብርቅ ነበረች። እኔ የሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው። እሱ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እኔ እዚያው የተወለድኩ የሐረር ልጅ። አሮጌ መኪና ስንገዛ ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ውጭ ወዳለው ሜዳ እየወሰደ ሳይቆጣኝ አለማመደኝ። ስለ መኪና የሚለኝን ሁሉ አምን ነበር።

በኋላ መኪናዋ ቤንዚን አልበቃት አለ። ዓርብ ሞልተናት ሰኞ ሳያት የነዳጁ ቀስት ግማሽ ድረስ ወርዷል።

«ጥፋቱ የእግርሽ ነው» አለኝ። «ነዳጁን ባንዴ ትረግጪና ወዲያው ፍሬን ትይዣለሽ። ፍሪሲዮኑ ላይም እግርሽን ታሳርፊያለሽ። እንዴት አትጨርስ?»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ እንቁላል የጫንኩ ይመስል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጎማዋን አዘውትሬ አስነፋለሁ፣ ካንዴላዋን አስጠርጋለሁ፣ የአየር ማጣሪያዋን አቧራ ራሴ አራግፋለሁ። ጊደር መጋላ ገበያ ለመገብየት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ምንም ለውጥ የለም። እሱ «ሴት መሪ ስትይዝ እኮ…» ብሎ ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ቅዳሜና እሁድ ተረኛ ስሆን ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታል አድርሶኝ ይመለሳል፤ እኔ እዚያው አድሬ እሁድ ማታ ቤት እገባለሁ። ስጠይቀው «መኪናዋማ ግቢ ቆማ ነው የዋለችው» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ አድርሶኝ ሄደ። ረፋዱ ላይ አለቃዬ መድኃኒት እንዳመጣ በሆስፒታሉ መኪና ወደ ድሬዳዋ ላኩኝ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን ከተማው ስንገባ፣ አንድ ግቢ በር ላይ የኛን መኪና አየኋት። ሾፌሩን አስቆምኩትና ወረድኩ።

ከግቢው አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣች። የነርስ ልብሴን አይታ በአክብሮት «ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ይቺ መኪና የማን ናት?»

«የባለቤቴ ናት። ከሐረር መጥቶ ደክሞት ተኝቷል። ልቀስቅሰው?»

«አይ፣ ይተኛ» አልኳት። ወደ ሆስፒታሉ መኪና ተመለስኩ።

እሁድ ከሱ ቀድሜ ቤት ገባሁና ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። «ድሬዳዋ ነበርኩ፤ ቤቱን አይቼዋለሁ» አልኩት።

«ልነግርሽ ነበር» አለኝ።

«መቼ? እግሬን ካስቆረጥከኝ በኋላ?»

ሽማግሌ ላከብኝ። ከመጡት አንዱ አዛውንት «ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ይቅር በይው» አሉኝ።

«አባባ፣ ስለ ሴትየዋስ ይቅር እለው ይሆናል። ግን ስለ አነዳዴ ሲመክረኝ፣ እኔም ሳፍር እያየኝ፣ ቤንዚኑን የሚጨርሰውን የደንገጎን ዳገት ማን እንደሚወጣው ያውቅ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ይህን ምን ያደርጉታል?»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ደግመውም አልለመኑኝም።

ተለያየን። እሱ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ፤ እኔ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ደግ ነገር ሲነግረኝ እንኳ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።