የግማሹ ዶክተር እጅ

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው። ባሏ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ትልቁ ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ይጠግናል። «እሱ ለምን እዚህ አይመጣም?» የሚሉ አይጠፉም። እዚህ ምን ቧንቧ አለና ይጠግናል! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዓመት ሁለቴ እየተያዩ ኖሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተተኪ ሲገኝ።» ተተኪ ከየት ይምጣ! ከአራቱ ነርሶች ሦስቱ ሄደው በቦታቸው የመጣችው አንዲት ጀማሪ ናት፤ ሐኪም የተባለማ እዚያ ዓመት ሞልቶት አያውቅም። ጥላ እንዳትሄድ ማን ያዛት? አንጀቷ ነው እንጂ።

አምና የርቀት ሕክምና ስክሪን መጣ። ከከተማው ሆስፒታል አንድ አንጋፋ ሐኪም ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ በሽተኛ ማየት ጀመሩ። ከደረታቸው በላይ ብቻ ስለሚታዩ ሰዉ «ግማሹ ዶክተር» አላቸው። አንድ ሽማግሌማ ወደ ሲስተር ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ እግር አላቸው?» ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ ለካ ሰምተዋል፤ ብድግ ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉና እግራቸውን አሳዩ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

በስክሪኑ ከማንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ሐኪም ከተገኘ በኋላ ስክሪን ማብራት ማን ያቅተዋል? ጀማሪዋ ትተካኛለች፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ ብላ ነበር። ወይ የዋህነት! ስክሪኑ ዓይንም ጆሮም አለው፤ እጅ ግን የለውም። ሆድ የምትዳስሰው እሷ ናት። «ጣፊያው ሦስት ጣት ያህል ወርዷል፣ ጠንከር ብሏል» ስትል፣ ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና፣ «እኔ ራሴ የዳሰስኩት መሰለኝ» ይላሉ።

የዘንድሮው መልስ በደብዳቤ መጣ። «ለርቀት ሕክምናው እጅግ አስፈላጊ መሆንዎን ሐኪሙ በጽሑፍ ስለመሰከሩ፣ የዝውውር ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐኪሙ!

በማግስቱ ስክሪኑ ሲበራ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ዶክተር፣ ምን በድዬዎት ነው?»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«አመሰገኑኛ! በምስጋናዎ ገደሉኝ። ባሌ ናፍቆኛል። አርባ ዓመቴን አለፍኩ፤ ቤቴ ስገባ ‘እንዴት ዋልሽ’ የሚለኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ይህን ስትል አላፈረችም።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ማመልከቻ ማስገባቷን አያውቁም ነበር፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለውም፣ «ዛሬ ሪፖርት እልካለሁ። እጇ አያስተማምንም፣ ሌላ ሰው ይመደብ ብዬ ልጻፍ? ያኔ ይለቁሻል።»

«ይጻፉ!» አለች፣ አፍታም ሳታስብ። «አሁኑኑ ይጻፉልኝ።»

የቀኑ የመጀመሪያ ታካሚ ገባች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር፣ በእግሯ ረጅም መንገድ የመጣች። ሲስተር እጇን እያሸች አሞቀችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው። በቀኝ ጎኗ በኩል ራስ ዳሰሰች። ወደ ላይ ስትሄድ ሌላ ራስ። ቀስ ብላ ደገመችው።

«ዶክተር፣ መንታ ነው። የታችኛው አግድም ተኝቷል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ምጥ ሳይጀምራት እዚህ ሆስፒታል ትምጣ። አምቡላንስ ጥሪ፤ የቀረውን ለኔ ተዪው።»

ነፍሰ ጡሯ የሲስተርን እጅ ጨምድዳ ያዘች። «እትዬ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው?»

«ሁለቱም እጄን እየረገጡኝ ነው» አለቻት፣ እየሳቀች።

አምቡላንሱ ሲሄድ ክፍሉ ውስጥ እሷና ስክሪኑ ላይ ያሉት ዶክተር ብቻ ቀሩ። ዶክተሩን ስለ ሪፖርቱ መጠየቁ ከበዳቸው።

«ያንን ነገር አይጻፉት» አለች በመጨረሻ። «ውሸት ነው። ነገም ሌላ ሴት ትመጣለች።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ሁለት ነርሶች ይመደቡልኝ። ከጀማሪዋ ጋር ላሠልጥናቸውና ልሂድ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?»

«ሁለት ዓመት። ዳሰሳ በወሬ አይለመድማ።»

ከሥራ እንደወጣች ለባሏ ደወለች። የደብዳቤውን ነገር ገና አልነገረችውም ነበር። አንዴ እንደጠራ አነሳው።

«ተፈቀደ?»

«አልተፈቀደም። ሁለት ዓመት ልጨምር ነው። ይሄን ደግሞ ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ።» ሁሉንም ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«የቁምሳጥኑን አንዱን ጎን ባዶ አድርጌልሽ ነበር» አለ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ግዴለም» አላት። «ልብሴን አልመልሰውም። እንዲሁ ይቆይ።»