ሰባት ቁጥር ላይ ማንም አልነበረም

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አብሮኝ ቂርቆስ ያደገ ሁሉ ይመሰክራል። የታክሲ ረዳት ሳልወርድ በሩን ከዘጋብኝ እስከ ካዛንቺስ ስጨቃጨቅ እሄዳለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ያስደበድብሻል» ይለኝ ነበር። የተደበደበው ግን እሱ ነው፤ ያውም እኔ አፌን በዘጋሁበት ቀን። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ሲባል ስልሳ አባወራ ሆነን የቤት ማኅበር አቋቋምን። አባቴ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጽሑፉ ስለሚያምር ጸሐፊ አድርገው መረጡት። መጀመሪያ የሚያልቀው ሕንፃ አርባ ቤት ብቻ ነው ያለው። የቀሩት ሃያዎቹ መቼ እንደሚደርሳቸው እግዜር ይወቅ። ስለዚህ እድር አዳራሽ ውስጥ እጣ ወጣ፤ አባቴ ስሞቹን እንደ አወጣጣቸው በደብተሩ ጻፈ።

እኔ ያኔ ካዛንቺስ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ። «አባዬ፣ በእጅ የተጻፈ አይለጠፍም፣ ያሳፍራል፤ በኮምፒውተር ልሥራልህ» አልኩት። ማን ለመነኝ? ማንም አልለመነኝም።

ፕሮግራሙ ቀላል ነበር። የተተየቡትን ስሞች መስመር በመስመር ያነባል፤ እያንዳንዱን መስመር ዝርዝሩ ጭራ ላይ ይቀጥላል። ዝርዝሩ በተቀጠለበት ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቁጥር እየሰጠ ያትምና ከአርባኛው በታች ያሰምራል። ከመስመሩ በላይ ያለ ቤት አገኘ፣ በታች ያለ ይጠብቃል። ስሞቹን በምሳ ሰዓት ስተይብ ሁለቴ ስልክ ጠራኝ፤ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ፣ አዲስ መስመር የምትከፍተዋን ኢንተር ደጋግሜ ተጫንኳት። በቃ፣ ይኼው ነው። ለሰው ዓይን ባዶ መስመር ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አንድም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ተቀብሎ ይቀጥለዋል። እንዲህ እያለ ሰባት፣ ስምንት እና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ማንም ሳይኖር ቀረ፤ ስልሳው ሰው ስልሳ ሦስት ቁጥር ያዘ።

አባቴ ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ አየው። «ይሄ ባዶው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኧረ አባዬ! ባዶ ነዋ! ባዶ ማንን ይጎዳል?» ብዬ ጮህኩበት። አልቆጠርኩትም። እሱም አመነኝ፤ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ለጠፈው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስንደርስ በሩ በሰው ታፍኗል። ጎረቤታችን፣ ቄራ ሥጋ የሚበልተው፣ ወረቀቱን በጣቱ እየወጋ ይጮኻል። ይሄ ሰው እናቱ አልጋ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣራው በላይዋ ላይ ያፈሳል። እጣው ሲወጣ በጣቱ ቆጥሯል፤ ሠላሳ ዘጠነኛ ነው። ወረቀቱ ላይ አርባ ሁለተኛ ሆኖ ከመስመሩ በታች ወርዷል። እሱ ወርዶ፣ ከላይ ሦስት ቦታ ባዶ ተይዟል። እኛ አገር ቁጥር ተሰጥቶት ስም ያልተጻፈበት ቦታ ምን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። የባለ ሥልጣን ዘመድ እስኪመጣ የተያዘ ነው።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የያዙት?» አለው አባቴን። እስከዚያ ድረስ አንቱ ይለዋል።

«ባዶ ነው ልጄ» አለ አባቴ።

«ባዶ ከሆነ ለምን ቁጥር አለው?»

መልሱ እኔ ጋ ነው። ሰውየው በጥፊ መታው። መነጽሩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዱ ረገጠው። ከዚያ «ሌባ!» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ መጣና ሁሉም ተንጋግቶ ገባ። በጋቢው ጎትተው መሬት ለመሬት አንከባለሉት። በጫማ ጎኑን ረገጡት፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፣ ወይኔ፣ በጆሮዬ ሰማሁት። ሥጋ በላቹ በርጩማ አንሥቶ ፊቱ ላይ አሳረፈው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ የቀኝ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ቀይ ጉድጓድ ሆነ። «ማን ነው የጻፈው? ማን ነው ያስጻፈህ?» እያሉ ይመቱታል።

አባቴ ከእግራቸው መካከል ቀና ብሎ በተረፈው ዓይኑ አየኝ። እንዳየኝ አውቃለሁ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

እኔ፣ ያቺ አፈ ጮሌ፣ በሩ ስር ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልወጣኝም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ እኔ የራሴን ወደ አባቴ ለከክሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዓይኑ የተረፈውን ሐኪሞቹ አወጡት። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ስህተቱን በአምስት ደቂቃ አገኘሁት። «ባዶ ከሆነ ዝለለው» የምትል አንድ መስመር ነበር የጎደለችው። ኪቦርዱን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ ቁልፎቹ እስኪበታተኑ ደበደብኩት፤ ባልደረቦቼ አበደች አሉ። ያም ሆኖ ለማንም አልተናገርኩም።

ኮሚቴው ዝርዝሩን ከደብተሩ በእጅ ገልብጦ አስተካከለው፤ ሥጋ በላቹ ቤቱን አገኘ። አባቴ ግን ሌባ ሆኖ ቀረ። ሱቅ ሲገባ ሰው ይወጣል። ሦስት ሳምንት አንድም ቀን «ተናገሪ» አላለኝም፤ ማታ እራት አብረን እንበላለን።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎች ሥጋ በላቹን ይዘው ግቢያችን ገቡ። ትልቅ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፤ እንደ ደንቡ፣ ተበዳዩ ይቅር እስኪለው አያወርድም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ «አንተ፣ ሽማግሌ ሰው በመደብደብህ በድለሃል። እርስዎም ቦታ ይዘው ሕዝብ አሳዝነዋል። ለማን እንደያዙት ይንገሩንና ይቅር ተባባሉ» አሉ።

አባቴ መሬት መሬት አየ። አሁንም ሊሸፍነኝ ነው!

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ እንደ ጩኸት ወጣ። «ለማንም አልተያዘም። እኔ ነኝ በኮምፒውተር ስጽፍ ተሳስቼ ባዶውን የቀጠልኩት፤ ጠይቆኝ ነበር፣ ተቆጣሁት። እሱ ምንም አያውቅም። ስትመቱትም በሩ ስር ቆሜ አይ ነበር።»

ሥጋ በላቹ ከድንጋዩ ስር ሆኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ?» አለ።

«ይቅር ብየሃለሁ ልጄ፣ አውርደው» አለ አባቴ።

ሰውየው ድንጋዩን መሬት ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ አባቴ እጁን አነሣ። «መሬት አይደለም። ለእሷ ስጣት።»

አባቴ ከባድ ነገር አሸክሞኝ አያውቅም፤ የውሃ ጀሪካን እንኳ ከእጄ ይቀማኝ ነበር። ጎንበስ አልኩ። ሰውየው ድንጋዩን አንገቴ ላይ አሳረፈው። ሽማግሌዎቹ አባቴን አዩት። እኔም ከድንጋዩ ስር አንዷን ዓይኑን እያየሁ «አውርጂው» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም።