«ትድገም» የተባለችው መኪና

ባለቤቴ መኪና ኖሮት አያውቅም። መንዳትም አይችልም ነበር። የነበረችው አንድ ብስክሌት ናት፤ እሷንም የሚነዳት ሰንሰለቷ እንዳይበላበት የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ነው። ሆኖም አሶሳ ውስጥ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር።

እንዴት እንደተጀመረ በደንብ አላስታውስም። አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ አንዲት መኪና አማክሮት «ይቅርብህ» ብሎት፣ መኪናዋን ሌላ ሰው ገዝቷት፣ በወሩ ሞተሯ ስለወረደ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ «መምህር» ነበር የሚለው፤ ከዚያ ወዲህ መምህር ያላያትን መኪና መግዛት እንደ ድፍረት ይቆጠር ጀመር። እሱም ሥራውን አከበረው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ገዛና መኪኖቹን በቀይ እስክሪብቶ ከዐሥር ያርማቸው ነበር። አጻጻፉ የተማሪ ሰርተፊኬት ነው። «ጠባይ፦ መልካም። ትጋት፦ አቀበት ላይ ታለቅሳለች። የቤት ሥራ፦ ፍሬኗን ታሠራ።» ከታች «ተዛውራለች» ወይም «ትድገም» ይልና ይፈርማል። ለማንም ዐሥር ሰጥቶ አያውቅም። ለወጤ ዘጠኝ የሰጠኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ወጡን የሠራችው እህቴ ነበረች።

እሱ የውጭ መኪና ወገን ነበር። ብዙ ዓመት ያገለገለች የጃፓን ፒካፕ እዚሁ አገር ተገጣጥማ ከወጣች አዲስ መኪና ትበልጣለች ብሎ ያምናል። ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ ከመምህራን ጋር ወደ ሆሞሻ ሲሄዱ የተሳፈሩባት አገር ውስጥ የተገጣጠመች መኪና ራዲያተሯ ተበሳ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ሁለት ሳምንት ከረመች። ፍየሎች ከሥሯ እየተኙ፣ የበሰለ ማንጎ ጣሪያዋን እየደበደበው። ደብተሩ ላይ «ትድገም» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«የአገር ውስጥ አትበያት» ይለኝ ነበር። «ዕቃዋ ከውጭ መጥቶ እዚህ ብሎን ስለጠበቀላት የአገር ልጅ አትሆንም።»

«እኛስ ታዲያ?» እለዋለሁ። «እኔ ከወሎ፣ አንተ ከጎጃም። እኛም የተገጣጠምነው አሶሳ አይደለም እንዴ?»

«አንቺማ የዋስትና ጊዜሽ አልፏል፤ ብመልስሽም የሚቀበለኝ የለም» ይልና ይስቃል።

እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር በእናቴ ጀርባ መጥቼ፣ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው ያደግሁት። እሱ በመምህርነት ተመድቦ መጣ፤ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ቀረ።

ከሞተ ዓመት አልፎታል። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። ስለ ቀብሩ ግን ትንሽ መጻፍ አለብኝ፣ የመኪናው ነገር የተጀመረው ከዚያ ነውና። እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሰው የሚነከርበት የሚያህል ድስት አለው። መኪና ብቻ አልነበረውም፤ ሲያስፈልግ ይከራያል። በዚያ ቀን የተከራየው ፒካፕ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርስ አቀበቱ መሐል ጭሱን ተፍቶ ቆመ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ቢለምነውም አልሰማውም። ወንዶቹ ሣጥኑን አውርደው በፀሐይ በትከሻቸው ተሸከሙት።

እኔን ደግፋ ይዛኝ የነበረችው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናት። የበርታ ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አማርኛን ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መምህር ይሄ መኪና ቢያይ፣ ስንት ይሰጣል?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት።

ከነጠላዬ ሥር ሳቅሁ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶች ለቅሶው በረታባት ብለው የባሰ አለቀሱ። እነሱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱንም እያደረግሁ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ሌላ ሴት ባሏ መንገድ ላይ ሲወርድ እንድታይ አልፈልግም። ይህንን ለእድሩ ስብሰባ ተናገርኩ፤ እድሩም መኪና ለመግዛት ወሰነ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ እንደ እኔ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ምርጫው የእሷ ነው» ሲሉ ግን ደነገጥሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?»

«አብሽሪ! ደብተሩ አንቺ ዘንድ አይደለም እንዴ? መምህር ሞተ እንጂ ደብተሩ አልሞተ።»

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ያገለገለች የጃፓን ፒካፕ፣ ቁመቷ ረዥም፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ። ሁለተኛዋ እዚሁ አገር የተገጣጠመች አዲስ አነስተኛ የጭነት መኪና፣ ነጭ፣ ወንበሮቿ ላይ ገና ላስቲኩ ያልተነሣ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ይህ ሌላ አገር ላለ ሰው ግራ ይገባው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን አሮጌዋ ጃፓን ዋጋዋን አትጥልም። ዳኛው አሮጌዋን ወደዱ። ገንዘብ ያዧ አዲሷን ወደደች። ሁለቱም እኔን ያያሉ፤ እኔ ደብተሩን አያለሁ።

ዳኛው «ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው» አሉና የእድሩን ዕቃ በሙሉ ጭነን ባምባሲ ድረስ እንድንሞክራቸው አዘዙ። ባምባሲ እሳቸው የሚያምኑት መካኒክ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጃፓኗ ላይ ድንኳኑን፣ ብረቶቹን፣ ወንበሮቹንና ድስቶቹን ጫንን፤ ስምንት ሴቶችም ከላይ ተደረደርን። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። ነገሩ እንዴት እንደሚመስል ከስምንታችን አንዳችንም አላሰብንም።

መንገድ ዳር ካለች አንዲት የሰፈራ መንደር ስንደርስ ሴቶች ነጠላቸውን እያገለደሙ ወጡ። «ማን ነው? ማን ሞተ?»

ዳኛው ከገቢናው አንገታቸውን አውጥተው «ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉ።

ይኸኔ ነው ጉዱ የመጣው። እኛ ዘንድ ሞት በቀጥታ አይነገርም። «ትንሽ አሞት ነው»፣ «ደኅና ነው፣ ግን ነይ» እየተባለ ነው መርዶ የሚደርሰው። «ማንም አልሞተም» ብሎ ድንኳንና ድስት ጭኖ የመጣ ሰው ምን ሊባል ነው? አንዲት ደልደል ያለች ሴት «ወንድሜ ነው! አሶሳ ያለው ወንድሜ ነው፣ ደብቃችሁኝ ነው!» ብላ መኪናዋን ያዘች።

«እኅቴ፣ መኪና ልንገዛ እየሞከርን ነው» አልኳት።

«ጥቁር ለብሰሽ ነው መኪና የምትገዢው?»

ልትሳፈር ታገለች። ጃፓኗ ከፍ ያለች ስለሆነች እግሯ አልደርስ አላት፤ ሁለት ወንዶች ገፍተው ሲሰቅሏት ቅልጥሟን የጭነቱ የጎን ብረት፣ ስፖንዳው፣ ላጠው። ከዚያ ወንድሟ ጋ ስልክ ደወልን። ድምፁን ስትሰማ ማልቀሷን አቁማ ትሰድበው ጀመር። «አንተ! ደኅና ከሆንክ ለምን አትደውልም ነበር?» በስልኩ ውስጥ «ምን አጠፋሁ?» ሲል ሁላችንም ሰማነው። መንደሩ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን የሴትየዋ ቅልጥም ላይ ነበር።

ባምባሲ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ወጥቶ የረዥም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። የኦሮሞ ሰው ነው፤ «አዴ» ይለኛል፣ እንደ እናቱ።

«አዴ፣ ይቺን መኪና አውቃታለሁ። ሞተሯ ከሌላ መኪና ነው፣ ካምቢዮዋም ከሌላ። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከጃፓን የቀረው መሪው ነው።»

«እሷም ታዲያ አገር ውስጥ የተገጣጠመች ናት በለኛ!» አልኩት።

«ባምባሲ» አለ ደረቱን እየመታ። ከዚያ ሳቁን አቆመና በቁልፉ ከሥሯ ጥቁሩን ቀለም ፋቅ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ሻንሲዋ፣ መላ አካሏን የተሸከመው ብረት፣ ተሰብሮ የተበየደ ነበር። «ሰው ትጭናለች። ብረትና ድንኳን ካበዛችሁባት ግን አንድ ቀን እዚህ ጋ ትቆረጣለች። ለነጋዴ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ለእድር አልዋሽም፣ እኔም ሟች ነኝ።»

በሁለተኛው ቀን አዲሷን ጫንን። ዳኛው እንደ ትናንቱ እንዳይሆን ሴቶቹን «እልል በሉ!» ብለው አዘዙ። እልል እያልን መንደሯ ስንደርስ ሰዎቹ ደግሞ ሙሽራ ፍለጋ ወጡ። ያቺው የትናንቷ ሴት ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«ዛሬ ደግሞ ሙሽሪት ሆንሽ? በጥቁር የሚዳረው የት አገር ነው?»

«ሙሽራው መኪና ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ሚዜ ልሁንሽ፤ ባምባሲ ገበያ አለኝ» አለችና ማንም ሳይነካት፣ አንድ እጇን ስፖንዳው ላይ አድርጋ፣ ዘፍ ብላ ከድስቶቹ መሐል ተቀመጠች። ዝቅ ያለች መኪና ናት። ሣጥን የሚያነሡ ወንዶችም እስከ አንገታቸው ማንሣት አይጠበቅባቸውም። ደብተሩ ውስጥ ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅ ሁሉ አለ፤ ሰው እንዴት እንደሚሳፈር ግን አንድም ቦታ የለም። ባለቤቴ ረዥም ነበር።

መካኒኩ አዲሷንም በጆሮው አዳመጣት። «ልቧ ቀላል ነው» አለ። «ድሮ መለዋወጫዋ አይገኝም ነበር፣ ስትቆም ቆመች ነው። አሁን አሶሳ ሱቅ ውስጥ አለ፤ የኔም እጅ ለምዷታል። ለጭቃው ግን ባሌስትራ፣ ከጎማዋ በላይ የሚሸከማትን የብረት ስፕሪንግ፣ አንድ ደርቡላት።»

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። ከመሄዴ በፊት ደብተሩን ከፈትኩት። በእጁ ጽሑፍ ላይ ጣቴን እያስኬድሁ ቀስ ብዬ አነበብሁ፤ የሆሞሻዋ መኪና ጋ ደረስሁ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓይነት። «ትድገም»፣ ሁለት መስመር። ደብተሩን ቤት ጥዬው ብሄድ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ መርጫት መንገድ ላይ ከቆመች ደግሞ «መምህር ነግሮን ነበር» ይባላል፤ ያም የሚባለው በአንዲት ሴት ሐዘን መሐል ነው። ይዤው ሄድሁ።

ዳኛው «ደብተሩ ምን ይላል?» አሉ።

«ደብተሩ አሮጌዋን ግዙ ይላል። አዲሷን ትድገም ብሏታል» አልኳቸውና ገልጬ አሳየኋቸው። «እኔ ግን አዲሷን ነው የምለው። ሻንሲ የተሰበረባትን አልመርጥም፤ አሮጊት የማትሳፈርባትንም አልመርጥም።»

እሱ በሕይወት እያለ ብዙ ተከራክሬዋለሁ፤ ሰው ፊት ያሸነፍኩት ግን የለም። አሁን መልስ ሊሰጠኝ በማይችልበት ሰዓት መከራከሬ አሳፈረኝ።

ገንዘብ ያዧ ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። ቀዩን ጽሑፍ አየችው፣ ዳኛውንም አየቻቸው።

«ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ መምህር ትድገም አለ። ትባረር አለ? አላለም። ስንት ዓመት ሆነ ይሄ? መኪናው ደግሟል። ወላሂ፣ ደግሟል።»

መጀመሪያ የሳቁት ዳኛው ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። አሮጌዋን የወደዱ ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ።

መኪናዋ ስትገዛ አንድ ነገር ለመንሁ፤ የመጀመሪያ ጉዞዋ ለቅሶ እንዳይሆን። ብዙም አልጠበቅንም። ያቺ ሚዜ ልሁንሽ ያለችኝ ሴት ልጇን ልትድር ነበርና ድንኳኑንና ድስቶቹን እንድናውሳት ላከችብን። መኪናችን ባሌስትራ ተደርቦላት፣ ዝናብ ባቦካው መንገድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንሸራታ ደረሰች። የመንደሩ ሰው ድንኳኑን ሲያይ እንደ ልማዱ ወጣ። «ዛሬስ ምንድን ነው?» አለ አንዱ። ወንድምየው፣ ያ በስልክ የተሰደበው፣ ከፊት ሆኖ «እኔ አይደለሁም! እኔ ደኅና ነኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሄዳለች። አቀበቱን ወጥታለች፤ ማንም አልወረደም።

ትናንት ቀዩን እስክሪብቶ ፈለግሁና ከእሱ መስመር በታች በራሴ ጽሑፍ ጻፍሁ፦ «ጠባይ፦ መልካም። ትጋት፦ አቀበት ትወጣለች። የቤት ሥራ፦ ጭቃ ላይ ትጠንቀቅ። አሮጊቶች ያለ ረዳት ይሳፈሩባታል። ተዛውራለች።» ነጥቡ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ዘጠኝ ልሰጣት ነበር፤ እሱ ቢያይ «አበዛሽው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስምንት ተኩል ሰጠኋት። ግማሿን ለእሱ ብዬ ነው የቀነስኳት።