ጉምሩኩ ረዲ ሽማግሌ ሲልክ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ ወደሚገኘው የረዲ ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ ጉዳዩንና ስድቡን። ከጠረጴዛው ስር አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለች። ሊኑክስ ጭኖባት ሦስት የኔትወርክ ካርድ ሰክቶባታል፤ በአንዱ የገመዱ መስመር ይገባል፣ በሁለተኛው የሲም ካርዱ፣ ሦስተኛው ለደንበኞቹ ያከፋፍላል። ማን የቱን መስመር ምን ያህል እንደሚጠጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ያያል፤ አይቶም ዝም አይልም። «አንተ ሂካ! ብቻህን ጨረስከው እኮ! ከተማውን ሁሉ ነው እንዴ የምታወርደው?» እያለ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ያዋርዳል። ጉምሩክ ያሉት ለዚህ ነው።

ሕጉም የራሱ ነው። ማመልከቻና ፎርም በጥሩው መስመር፣ በገመዱ ያልፋል፤ ቪዲዮ የተባለ ሁሉ በደካማው፣ በሲሙ። «ቪዲዮ ወሬ ነው፤ ወሬ በእግሩ ይሂድ» ይላል።

ይህ ሰው ነኢማን ወደደ። እሷም ምኑን እንደወደደችለት አላህ ይወቅ፣ እሺ አለች። አባቷ ስለሞቱ የሚድሯት ታላቅ ወንድማቸው ሸህ ይማም ናቸው። እሳቸው ግን ቤተሰቡ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲመጣ ወሎ የቀሩ፣ ዛሬ መንገድ የማይችሉ ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ ሽምግልናው በቪዲዮ ይሁን ተባለ፤ ቦታውም ረዲ ቤት።

ችግሩ ወጉ ነው። ሽማግሌ የላከ ልጅ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ዝር አይልም። ረዲ ቤቱን ለጎረቤቱ ለጋሼ ዲንቃና ለጓደኞቻቸው ለቆ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጠ። ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም፤ በስልኩ፣ በሲሙ መስመር በኩል ወደ ኮምፒውተሯ ገብቶ ቁጥሩን ይከታተላል። የገበያ ቀን ነበር። የአጎራባቾቹ የሁሩሙና የቡሬ ሰው ስልኩን ይዞ መቱ ገብቷል፤ የሲሙ ኔትወርክ ትንፋሽ አጥሮታል። ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ረዲ ሕጉ ትዝ አለው። የገዛ ሽምግልናው በደካማው መስመር እየዳኸ ነው!

ሻዩን ትቶ «ሁሉም በገመዱ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ ጻፈ። በችኮላ አንዷን ቁጥር ሳታት። ቪዲዮው ተቆረጠ፤ እሱ ራሱ የገባበት መንገድም ተዘጋበት። በሲሙ የገባን በተሳሳተ መስመር ማስወጣት፣ በሁሩሙ መንገድ የመጣን እንግዳ ድልድይ በሌለው መንገድ እንደመሸኘት ነው። አሁን እዚያው ሄዶ በእጁ ካላስተካከለው በቀር መላ የለውም።

በጓሮ በር ሾልኮ፣ በሽማግሌዎቹ እግር መሃል እየዳኸ ጠረጴዛው ስር ገባ።

«ያ ዋቃ! አንተ ልጅ፣ ልታዋርደን ነው?» አሉ ጋሼ ዲንቃ።

«አንዴ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ!» አለና ቁጥሯን አስተካከለ። ጥሪው እንደገና ሲደወል ሸህ ይማም ጥርት ብለው ብቅ አሉ።

«ይህ ቂጡ ብቻ የሚታየኝ ማነው?» አሉ ሸሁ።

«የቤቱ ሠራተኛ ነው» አሉ ጋሼ ዲንቃ ሳያቅማሙ። ሽማግሌ ለትዳር ብሎ ቢዋሽ ማን ይጠይቀዋል?

«እሰይ። እናንተ ልጁን ማመስገናችሁ አይቀርም፤ ሠራተኛውን ልጠይቅ። አንተ! ጌታህ የሰው ገመና ያያል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም። እውነት ነው ወይ?»

ረዲ ፈራ። ከጠረጴዛው ስርም አልወጣም።

«ምን ያህል እንደሚሄድ እንጂ ምን እንደሚሄድ አያይም» አለ ድምፁን አጎርንኖ። «አፉን ግን አይዘጋም። ሰው ያዋርዳል። ክፉ ሆኖ አይደለም ሸህ፤ ባለጌ ሆኖ ነው።»

ሸህ ይማም ጺማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያው ንገረው። አፉን የዘጋ ዕለት ልጅቷን ይውሰድ።»

«እዘጋለሁ አባባ! ወላሂ እዘጋለሁ!» አለ ረዲ፣ ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው እያላተመ።

ጋሼ ዲንቃ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሸህ ይማም ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ቃሉን ገና ሳይጨርስ አፈረሰው! በሉ ፋቲሃ ቅሩ፣ ሰጥቻለሁ፤ ይህስ መዋሸት አይችልበትም።»

ዛሬ እዚያ ቤት ቪዲዮ ሁሉ በገመዱ ነው የሚሄደው። ቁጥሩን የምትከታተለው ነኢማ ናት፤ እሷ ግን አይታ ዝም ትላለች።