ጉኑኖ ላይ እጄ አልዘረጋ አለ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ጉዳዬ አጭር ነበር። አስቴርን ማግባት እፈልጋለሁ፤ አባቷ ደግሞ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይምጣና ልየው» ብለዋል። መታየቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ተቀምጦ መታየት ነው። እኔ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ማስታወቂያ መንደፍ ቢሆንም እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲወዛወዝ ይውላል፤ ባልደረቦቼ «ምድር ተንቀጠቀጠ» እያሉ ይቀልዱብኛል። አስቴር ቀድማኝ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ የሰጠችኝ ምክርም ይኸው ነበር፤ «አባዬ ፊት አትቁነጥነጥ።»

መንገዱን በቡታጅራ በኩል ያዝን። ቡታጅራ ላይ እንቁላል በቃሪያ በላን፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ መስኮቱን ሲዘጉ እኔ ስከፍት፣ እኔ ስከፍት እሳቸው ሲዘጉ ወራቤን አለፍን። ከሆሳዕና በኋላ እንሰቱ እየበዛ፣ ቤቶቹም በሰፋፊ ቅጠሎች መሃል እየተሸሸጉ ሄዱ። አረካ ስንደርስ ሰውዬው ወረዱ። መስኮቱ የኔ ብቻ ሆነ፤ ከፍቼው ግን ወዲያው በረደኝና መልሼ ዘጋሁት።

ሶዶ

የዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ ጉም ለብሷል። መናኸሪያው በር ላይ የጠበቀኝ የአስቴር ታላቅ ወንድም ናትናኤል ነው። ባንክ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ጂም ይገባል። ሸሚዙ ክንዱ ላይ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ሻንጣዬን በአንድ ጣቱ አንጠለጠለና የኔን ክንድ በሌላው እጁ ጨበጥ አድርጎ ለካው።

«ይሄ ነው ክንድህ?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። አባዬ ግን ሰው ሲያይ ከክንዱ ነው የሚጀምረው። መሬት የቆፈረ ሰው ነው እኮ፣ አስተማሪም ሆኖ።»

ቀልድ መሆኑን አውቄያለሁ። ግን ቀልዱ ገባብኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ታጥፌ ስለዋልኩ እግሬም እጄም ሥራ ፈልጓል፤ «ጂም እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጂሙ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው መስታወት፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚያደነቁር። ናትናኤል ከላይ የተጋደመውን ብረት ይዞ አገጩ እስኪያልፈው ድረስ ራሱን ይስባል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እኔም ተንጠለጠልኩ። በሕይወቴ ስፖርት ብዬ የሠራሁት ታክሲ ለመያዝ መሮጥ ብቻ ነው፤ ያንን ቀን ግን እልህ ያዘኝ። እሱ ሲያርፍ እኔ ደገምኩ። ክንዴ ሲንቀጠቀጥ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ብረቱን እይዝና መውረዱን ብቻ እሠራ ነበር። «በቃህ፣ ነገ ትሰማዋለህ» አለኝ። «አሁን ገና ሞቀኝ» አልኩት። ስንወጣ የውሃ ጠርሙስ መክፈት አቅቶኝ እሱ ከፈተልኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ክንዴ ሲያመኝ ደስ አለኝ። የሠራ ሰው ሕመም መሰለኝ። ናትናኤል ሥራ ሲገባ ብቻዬን ከተማውን ዞርኩ፤ አቮካዶ ጭማቂ ጠጣሁ፣ ገበያ ገብቼ የቅቤውን ተራ አየሁ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን ወጣሁ። አንዲት ምግብ ቤት ቆጮ በዳታ አቀረቡልኝ። ዳታ የወላይታ በርበሬ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ይሠራል፣ ምላስን ያቃጥልና ሌላ ያስጠይቃል። ደግሜ ጠየቅሁ። እጄን ልታጠብ ስነሳ ነው ክንዴ እንደማይዘረጋ ያወቅሁት። ክርኔ ላይ ታጥፎ ቀረ። ወደ አፌ ይሄዳል፣ ወደ ቧንቧው አይሄድም።

ማታ ናትናኤል «ተሳስሮ ነው፣ ይፈታል» ብሎ በቅቤ አሸልኝ፤ አሽቶም ሊዘረጋው ጎተተው። ጩኸቴን ጎረቤት ሰምቷል። ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ አምጥቶ ሰጠኝና ዋጥኩ። እንቅልፍ ግን አልነበረም፤ ስገላበጥ ነው ያነጋሁት።

ወደ ጉኑኖ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ክንዶቼ አብጠው የራሴ አይመስሉም ነበር። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። የራሴ ኮት እጅጌ አላስገባ ስላለኝ የናትናኤልን ኮት ለበስኩ፤ ትከሻው ወረደ፣ እጅጌው ግን ልክ ሆነ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሽንቴ የጠቆረ ሻይ መስሎ ሳየው «ዳታው ነው» አልኩ ለራሴ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በርበሬ ሽንት ሲያጠቁር የት አይቼ ነው?

አስቴር ወላጆቿ ካሉበት ከጉኑኖ መጥታ ሶዶ ሚኒባስ ተራ ላይ ጠበቀችን። አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የቆምከው?»

«ስፖርት ነው። ያልፋል።»

«ኤርሚያስ፣ ፊትህ ደግሞ አመድ መስሏል።»

«ፈርቼ ነዋ፣ አባትሽ ጋ እየሄድኩ አይደል?»

ሳቀች፤ ነገሩም አለፈ። መንገዱ ላይ መኪናው በነጠረ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ቦይና የሚሉት ጎደሬ፣ እንሰት ነው፤ ቀይ አፈር፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ዣንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች። በሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ በእግሬ ልሂድ እል ነበር። ያን ቀን የፈለግሁት መተኛት ብቻ ነው፤ መተኛት መፈለጌ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

አቶ አንጁሎ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ቀጥ ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጄ አልሄደም። ያለኝ አማራጭ ተጠግቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጃቸውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ መቀበል ነበር። ቀና ስል ዓይናቸው ለስልሷል።

ቤት ውስጥ የአስቴር እናት ወይዘሮ አማረች፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። እንድቀመጥ እስኪነገረኝ ቆምኩ፤ ክንዶቼ ሆዴ ላይ ተጣጥፈው። ሰዎቹ በወላይትኛ ተንሾካሾኩ። አስቴር ጆሮዬ ላይ «ሥርዓቱን አያችሁ? እያሉ ነው» አለችኝ። ደስ አላት። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ማዕዱ ቀረበ። ከቆጮ የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ ሙቹዋ፣ አይብ፣ ከታረደው በሬ የወጣ ቁርጥ። ገበታው ከኔ አንድ ክንድ ይርቃል፤ ያ አንድ ክንድ ነው የጠፋው። ሁሉም ሲጎርስ እኔ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ አማረች ይህን አይተው ማጉረስ ጀመሩ። አንዱን ሳልውጥ ሌላው ይመጣል።

አቶ አንጁሎ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«ስንት ልጅ አይቻለሁ። ገበታ ሲቀርብ ከትልቅ በፊት እጁ ይሄዳል። ይሄ ልጅ ግን እጁን አይዘረጋም። አያችሁ? እጁን የማይዘረጋ ሰው፣ በሰው ንብረትም አይዘረጋም፣ በሚስቱም አይዘረጋም።»

«አሜን» አሉ ሁለቱ ሰዎች።

«አማረች ዛሬ ደስ ብሏታል» አሉ ወደ ባለቤታቸው እያዩ። ወይዘሮ አማረች ፈገግ ብለው ሌላ ጠቀለሉ።

ውሃ አልጠጣሁም። የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ይጠይቃል፤ በአማት ቤት በመጀመሪያው ቀን «ሽንት ቤት የት ነው?» ለማለት አፈርኩ። በመጨረሻ ግን ግድ ሆነና ናትናኤልን በዓይኔ ጠራሁት፤ ከእንሰቱ ጀርባ ወሰደኝ። የወጣኝ ጥቂት ነው። ቀለሙ ኮካ ኮላ ነበር።

እዚያ ቆሜ ፈራሁ። የክንዴ ሕመም አይደለም ያስፈራኝ፤ ከውስጤ አንድ የማላውቀው ነገር እየፈሰሰ መሆኑ ነው። ማቅለሽለሹም መጣ። እንግዲህ ብናገር፣ ሰውዬው እኒያን ሰዎች ሁሉ ሰብስበው ያመሰገኑት ጨዋነት እብጠት ነበር ማለት ነው። ብተወው ደግሞ እስከ ምሽት ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው። ተመልሼ ገባሁ፤ ተቀመጥኩ፤ እግሬ መወዛወዝ ጀመረ።

አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሊጸለይ ነው። ከጸሎት በኋላ ስለ ልጃችን ቃሌን እናገራለሁ።»

ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ። ከጸሎቱ በፊት።»

አቶ አንጁሎ ለጸሎት ያነሱትን እጃቸውን መለሱ።

«እጄን ያልዘረጋሁት ጨዋ ሆኜ አይደለም። ስፖርት ሠርቼ አብጧል፤ አይዘረጋም። ሽንቴም...» አስቴር ቀና አለች። «ሽንቴም ጠቁሯል። እንደ ኮካ ሆኗል።»

ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የወይዘሮ አማረች ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። አቶ አንጁሎ ተጠግተውኝ የኮቴን እጅጌ ወደ ላይ ሊሰበስቡ ሞከሩ፤ እብጠቱ አላሳልፍ አላቸው።

«መቼ ነው የጠቆረው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት! ጠዋት አውቀህ ነው ከአማረች እጅ ስትጎርስ የነበርከው?» ወደ በሩ ዞሩ። «ናትናኤል፣ መኪና ፈልግ!»

ኦቶና

የጎረቤት ፒካፕ ነው የመለሰን። አቶ አንጁሎ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ኦቶና ያለው ሆስፒታል ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ክንዴን ነካ ነካ አደረገች፣ ሽንቴን አየች፣ ጥያቄዋንም አከታተለች። ምን ሠራህ? መቼ? ታሽቷል? የሕመም መድኃኒት ወስደሃል? ለሁሉም አዎ ስል ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ጡንቻህ ከልክ በላይ ሠርቶ ፈርሷል» አለች። «የፈረሰው ነገር ወደ ደምህ ገብቶ ኩላሊትህን እየደፈነው ነው። የዋጥከው መድኃኒትም ኩላሊትን ይጎዳል። ማሸት የለም፣ መጎተት የለም፣ ከእንግዲህ ውሃ ነው።»

«ይድናል?» አለች አስቴር።

«ዛሬ መምጣቱ ጥሩ ነው። ሽንቱ ሲጠራ እንነጋገራለን።»

ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፤ ከረጢቱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። እንደኔ ላለ ቁንጥንጥ ሰው ሁለቱም እጅ ታጥፎ፣ አንደኛው ላይ መርፌ ተሰክቶ በጀርባ መተኛት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ኩላሊቴን አስባለሁ፤ ከኩላሊቴ ቀጥሎ አስቴርን አስባለሁ። አባቷ ስለ ጋብቻው አንድ ቃል አይተነፍሱም። አይሄዱምም። ናትናኤል «አባዬ፣ እኔ አድራለሁ» ሲላቸው «አንተ ነህ ያሳበጥከው» ብለው መለሱት።

ሽንቴ መለኪያ ባለው ፕላስቲክ ነበር የሚጠራቀመው። ነርሷ ልትወስደው ስትል አቶ አንጁሎ ቀድመው ያነሱትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለወይዘሮ አማረች በወላይትኛ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ጮክ ብለው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። መጀመሪያ ላይ ትራሱ ውስጥ መግባት አማረኝ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩት ናትናኤልን።

«ከኮካ ወጥቶ ሻይ ገብቷል እያለ ነው።»

በማግስቱ ቀለሙ ቢጫ ወደ መሆን አዘነበለ። አቶ አንጁሎ ወደ ብርሃኑ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ጠጅ ሆኗል» አሉኝ በአማርኛ፤ ቀጥለውም፣ «እኔ ቀምሼ አላውቅም። ቀለሙን ግን አውቃለሁ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሆዴን ለመያዝ ክንዴ ምቹ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው ቀልቶ እንደነበር ያየሁት። ከመጣን ጀምሮ ወንበር ላይ ነው የተኙት።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ ኩላሊቴ እየተመለሰ መሆኑን ስትነግረን አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሆስፒታል ስወጣ ክንዴ ግማሽ ያህል ይዘረጋ ነበር። አቶ አንጁሎ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ ብዙ ውሃ አስገዝተው መኪናው ውስጥ አስጫኑልኝ፤ «በየመንገዱ ጠጣ፣ በየመንገዱም አስቁም፤ አትፈር» አሉኝ። ስለ አስቴር ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ።

መመለሻ

ሾፌሩን በሆሳዕናም፣ በወራቤም፣ በቡታጅራም አስቆምኩት። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም «ኩላሊቴን ታምሜ ነው» አልኩ፤ ማጉረምረሙ ቆመ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ሰውነቴ ሲጮህ እኔ ደግሞ ሰውን ደስ ለማሰኘት ብዬ አፉን ይዤው ነበር፤ ጉዞው ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። አሁንም ቁንጥንጥ ነኝ፣ እልህም ቶሎ ይይዘኛል፤ እዚያ ላይ ገና ትምህርት አልጨረስኩም።

አዲስ አበባ ገብቼ ወደ ቤቴ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተጣብቀን ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። አቶ አንጁሎ ናቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ዛሬስ?»

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ወደኔ ዞረች። ድምፄን አልቀነስኩም።

«ሽንቴ እንደ ውሃ ሆኗል፣ ጋሼ።»

«በብርሃን አይተኸዋል?»

«በብርሃን አይቼዋለሁ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። በስልኩ ውስጥ አቶ አንጁሎ ለወይዘሮ አማረች በወላይትኛ ሲያስተላልፉ ይሰማኛል፤ ከሩቅ እልልታቸው መጣ። ከዚያ ወደኔ ተመለሱ።

«እንግዲህ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉ። «ሲያማቸው የሚናገሩ ይሁኑ እንጂ።»