ብርድ ልብስ የለበሰው ድምፅ

ገመዱ የሚሉት ሰው ዕድሜውን በሳጥን ውስጥ ጨረሰ ቢባል ማጋነን አይደለም። ቀን ቀን በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ የመኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ፣ በአንዲት የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ በደንብ ላዛጋ ካለ ክርኑ መስታወቱን ይመታል። ማታ ማታ ደግሞ የሚያድረው የታላቅ እህቱ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ በተሠራለት ጓዳ ነው። አልጋው ላይ እንደተኛ በሩን ይከፍታል፤ አልጋው ላይ እንደተኛ መስኮቱን ይዘጋል፤ አልጋው ላይ እንደተኛ እህቱ በስልክ ስለ እሱ የምታወራውን ሁሉ ይሰማል።

"ኧረ አለ! የት ይሄዳል ብለሽ?" ትላለች ለምትደውልላት ሁሉ።

እውነቷን ነው። የትም አይሄድም።

ቅዳሜ ማታ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነው። እዚያው ሆቴል፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ባለው አዳራሽ፣ ከሆቴሉ ባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው፤ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘው ገመድ መሃል ላይ ይበላሽብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ትርፍ ገመድ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይዞራል። አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩን በሆዱ የያዘው የድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ የጥንት ነው፤ በቲዩብ የሚሠራ። ጀርባውን ላየው ሰው ትንንሽ የመስታወት ጠርሙሶች ተደርድረውበታል፤ ሲበራ ቀስ እያሉ እንደ ፍም ይቀላሉ። የባንዱ ሰዎች "ይሄ እኮ አንድ ሐሙስ የቀረው ነው" ይሉታል። ሲሸከሙት ደግሞ የሚሉትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ታዲያ ቲዩብ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ካልጮኸ አይጣፍጥም። ቀንሱት፣ እንደ ተቀየመ ሰው ቃል ይቆጥባል። ልቀቁት፣ ያኔ ነፍስ ይዘራል፤ ግን ብርጭቆዎቹም አብረው ይጨፍራሉ። እንግዳው ደግሞ አዳራሹ የሚመጣው ሊበላና ሊያወራ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ዕድሜው የገመዱን ግማሽ የማይሞላ ትሁት ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ቀረብ ብሎ፣

"ጋሼ፣ ዛሬ አንድ እንግዳ ሚስቱን ጨው አቀብይኝ ለማለት ናፕኪን ላይ ጽፎ አሳያት" አለው።

በማግስቱ የባንዱ መሪ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ፣ መጽሐፍ የምታህል ዲጂታል ሳጥን ይዞ የመስታወት ክፍሏ ድረስ ወረደ።

"እንካ። እዚህ ውስጥ የሌለ የአምፕሊፋየር ድምፅ የለም። ያንተን የሬሳ ሳጥን ተወውና ይቺን በቀጥታ ከአዳራሹ ስፒከር ጋር አገናኛት።"

ገመዱ ሞከራት። አልዋሸውም፤ የሌለ ድምፅ የለም፤ ሁሉም ልክ ነው፤ ሁሉም ያምራል። ግን ምን ያደርጋል፣ ፎቶ ላይ ያለ እሳት ሆነበት። ፎቶ ላይ ባለ እሳት ደግሞ እጁን የሞቀ የለም።

"ለምን ሁለቱን አላጋባቸውም?" አለ። "ዲጂታሏ ከፊት ሆና ድምፁን ታብስለው፣ ቲዩቡ ከኋላ ሆኖ ትንፋሽ ይስጠው። ያኔ ሳልጮህም ይጣፍጣል።"

መሪው አገጩን አከከ። "እስከ ቅዳሜ አጋባቸው እንግዲህ። ካልሆነ ግን አትቀየመኝ፤ የእህቴ ባል ቦታውን ይፈልገዋል። እሱ በሳጥኗ ብቻ ይጫወታል፤ አይጨቃጨቅም።"

ቅዳሜ ከሄደች ሌላው ቀን ምን ሊሆን ነው? ከመስታወት ወደ ኮምፔንሳቶ፣ ከኮምፔንሳቶ ወደ መስታወት። ገመዱ ይህን ሲያስበው ከቲኬት መቀበያዋ መስኮት አንገቱን አውጥቶ አየር ሳበ፤ የሳበው ግን የመኪና ጭስ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ጓዳው ውስጥ ሳጥኗን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለችው ቀዳዳ ሰካት፤ የአምፕሊፋየሩን የፊት ማዞሪያዎች ዘላ በቀጥታ ድምፁን ወደሚያጎላው ክፍል የምትገባ ቀዳዳ ናት። በጉጉት አንዴ ክሩን መታ።

እምም።

ጎረቤት ቤት ውስጥ ትራስ አፉ ላይ ይዞ የሚናገር ሰው ይመስላል። የድምፁን ቅጥነት ጨመረ፤ እምም። ገመድ ቀየረ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ትርፍ ሳይቀር አውልቆ ሰካው፤ እምም። ቲዩቦቹን ነቅሎ ቦታቸውን አለዋወጠ፤ ጣቱ ተቃጠለ፣ ድምፁ ግን ያው። ለብቻቸው ሲሆኑ የሚናገሩ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ተኳርፈው ይዘጋሉ፤ ልክ እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት። ቀኖቹ እንዲህ እያሉ አለቁ። በስተመጨረሻ ራሱን ጠረጠረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ምናልባት የደነዘዘው ድምፁ ሳይሆን ጆሮዬ ይሆናል አለ። በነጋታው ቲኬት ሲቀበል አንድ ሾፌር ክላክስ ነፍቶበት ከጥርጣሬው ተገላገለ፤ ወንበሩ ላይ ሊዘል ምንም አልቀረው። ጆሮው ደህና ነው።

አርብ ማታ እህቱ የኮምፔንሳቶውን በር በጉልበቷ ከፍታ ገባች። ወፍራሙን የክረምት ብርድ ልብስ ታቅፋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ራሴን ፈለጥከኝ እኮ!"

"እትዬ፣ ቀንሼዋለሁ።"

"ቀንሰኸው ነው እንደ ባዶ ሆድ የሚጮኸው? ዞር በል!"

አምፕሊፋየሩን ከነፊቱ ጥቅልል አድርጋ አለበሰችው። "በል፣ አሁን እንደፈለግክ ተጫወት።"

ገመዱ መታ። ቆመ። ደግሞ መታ።

"እትዬ፣ እስቲ አንሺው።"

"አላነሳም!"

"ግድ የለሽም፣ አንሺውና መልሺው። ለውጥ ካለው ንገሪኝ።"

እያጉረመረመች አነሳችው፤ እሱ መታ። መለሰችው፤ እሱ መታ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

"ያው ነው" አለች ቅር ብሏት። "በከንቱ ብርድ ልብሴን አቧራ አስበላሁት።"

"ድሮም ለብሶ ነበራ!" ብሎ ጮኸ ገመዱ። "እትዬ፣ ድሮም ለብሶ ነበር!"

"ማን?"

ገመዱ ዲጂታሏን አንስቶ በትንሿ ስክሪን ላይ ያሉትን ሥዕሎች ተራ በተራ ማየት ጀመረ። ጊታር አለ፤ አምፕሊፋየር አለ፤ መጨረሻ ላይ፣ እስካሁን ለጌጥ የተቀመጠ መስሎት ያለፈው፣ የስፒከር ሥዕል አለ። ሳጥኗ ከኋላዋ እውነተኛ የጊታር ስፒከር ይኖራል ብላ አላሰበችም፤ ስለዚህ ድምፁን የራሷን የውሸት ስፒከር ታለብሰዋለች። እሱ ደግሞ ያንን ወስዶ እውነተኛው ስፒከር ውስጥ ይከተዋል። አንዱ ስፒከር በሌላው ስፒከር ውስጥ! ድምፁ ምን ያድርግ፣ በየት በኩል ይውጣ?

ገመዱ የመስታወት ክፍሏን አሰበ። ኮምፔንሳቶውን አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የስፒከሩን ሥዕል አጠፋና ክሩን መታ።

እናንተዬ! ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእህቱ ሟች ባል ፎቶ ዘመመ። ድምፁ ከብርድ ልብሱ ሥር እንኳ ሆኖ ጠርቶ፣ ሞቆ፣ ሳይጮህ ቤቱን ሞላው። እህቱ አፏን ይዛ ቆመች።

"ይሄስ... ይሄስ ጊታር ነው" አለች። ወዲያው ነቃችና፣ "በል ዝጋው አሁን!"

ቅዳሜ እህቱም መጣች፤ "ብርድ ልብሴ ያገኘውን ድምፅ ልስማ" ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ገመዱ ሲጀምር ባስ ተጫዋቹ ዞሮ አየው። ኦርጋን ተጫዋቹ ዞሮ አላየውም፤ ግን ትከሻው መሰበቅ ጀመረ፤ የእሱ ምስጋና ይኸው ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ እንኳ ይተነፍሳል። የሚበላውም ሹካውን አስቀመጠ።

ዕረፍት ሲሆን ሥራ አስኪያጁ እጆቹን እያሻሸ መጣ።

"ጋሼ፣ በእውነት ግሩም ነው። ግን አሁን በጣም ጠራ። ፊት ያሉት እንግዶች ወሬያቸውን ትተው እያዳመጡ ነው፤ ምግቡም ቀዘቀዘ። መጋዘን ውስጥ ለድራሙ የተገዛ የመስታወት መከለያ አለን። እሱን ዙሪያዎን እናቁመው፤ አለዚያ ደግሞ ዲጂታሏን ብቻ በቀጥታ ይሰኩ።"

ገመዱ ወደ መሪው ዞረ። መሪው ጫማውን ያይ ነበር። "ምረጥ እንግዲህ" አለ ቀና ሳይል። "ሁለቱም እዚህ ያቆዩሃል።"

ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የቀሉትን ቲዩቦች አየ። እነሱም መስታወት ውስጥ ናቸው፤ የሚግሉትም እዚያው ሆነው ነው።

"መስታወቱን አምጡት" አለ።

አመጡት። በፊት፣ በግራ፣ በቀኝ አቆሙበት። ክርኑን ሞከረ፤ ነካ። እህቱ ከጥግ ተነስታ መጣችና በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

"እዚህም ቲኬት ትቀበላለህ እንዴ?"

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን ከውስጥ ስለሆነ አልተሰማም።

የመጨረሻው ዘፈን መሃል፣ ድምፁ ከመቼውም አምሮለት ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ መስታወቱ ተንኳኳ። ገለጠ። ኮት የለበሰ እንግዳ ቆሟል፤ ፊቱን ከምድር ቤት ያውቀዋል። ሰውዬው ፈገግ ብሎ የመኪና ማቆሚያ ቲኬቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈው፤ "መውጫው በየት ነው?" እያለ በከንፈሩ።

ገመዱ ጣቶቹን ከክሩ ሳያነሳ በአገጩ በሩን አሳየው።